ሱስን በእስር ብቻ መግታት አይቻልም

ጫት በሐረርጌና በሌሎች አካባቢዎች ለሚኖረው ገበሬ ከፍተኛ የገንዘብ ምንጭ መሆኑ የታወቀ ነው። ብሪታንያ ግን ከሰኔ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ጫት ይዞ መገኘትን ወንጀል አድርጋለች። የአገሪቱ የአደንዛዥ ዕፆች አማካሪ ምክር ቤት ለእገዳ የሚያበቃ በቂ የጤና ጉዳት ማስረጃ እንዳላገኘ በጥር 2005 ዓ.ም. ገልጾ ነበር። የፓርላማው ኮሚቴም በኅዳር 2006 ዓ.ም. እገዳውን ተቃውሟል። ምክሩ ሳይሰማ በመቅረቱ ቃሚው ከፖሊስ ጋር ተፋጠጠ፤ ከአገራችን ወደ ለንደን ይላክ የነበረው ጫትም ገበያው ተዘጋ።

እርግጥ ነው፣ ሱስ የቤተሰብን ገንዘብና የሥራ ጊዜ ይበላል። ይሁን እንጂ ቃሚውን ከወንጀለኛ መቁጠር ሱሱን አያስተወውም፤ ይልቁንም ችግሩን እንዲደብቅና ፖሊስን እንዲሸሽ ያደርገዋል። ፖሊስ በሕዝብ ሊታመን የሚችለው በሌባውና በቀማኛው ላይ ሲበረታ ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ደንብ ሲያወጡ ከቅጣት አስቀድመው ከሽማግሌዎችና ከጤና ሠራተኞች ጋር ሊመክሩ ይገባል። ማሳን በሙሉ ለጫት ከመልቀቅ ይልቅ ለእህልም ቦታ ማስቀረት ያስፈልጋል። የሩቅ አገር ሕግ ገበያን በአንድ ቀን ሊዘጋ እንደሚችል ታይቷልና።