ሰፌዱ ለምን ባዶ ሆነ?

ሰሞኑን እኛ የሥዕል ተማሪዎች አንድ መጽሐፍ እየተቀባበልን እያነበብን ነው፤ ሣራ ቶርንተን በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው፣ ስለ ሥነ ጥበብ ዓለም ሰባት ቀናት የሚተርከው። በኒው ዮርኩ የክሪስቲስ ጨረታ ጀምሮ በቬኒስ ቢየናሌ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ያበቃል። አንብቦ የመለሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጨረታው ነው። አልፈርድም። ቀለም ለመግዛት ምሳውን የሚዘል ተማሪ፣ አዲስ አበባ የተወለደችው የጁሊ ምህረቱ አንድ ሥዕል በ2023 ኒው ዮርክ ላይ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡን ሲሰማ ልቡ ቢደነግጥ አይገርምም።

እኔን ግን ሁለተኛው ምዕራፍ ያዘኝ። ካሊፎርኒያ፣ ካልአርትስ በሚባለው ትምህርት ቤት፣ ማይክል አሸር ይመራው የነበረው የግምገማ ክፍል ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተጀመረው ውይይት እኩለ ሌሊት አልፎም አላለቀም። የራበው እዚያው ይበላል፤ አንዳንዱ ሹራብ ይሠራል። መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ይህ ሰው በ1974 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ በሚገኝ ጋለሪ ያቀረበው ሥራ፣ ማሳያ ክፍሉንና ቢሮውን የሚለየውን ግድግዳ ማንሳት ብቻ ነበር። ተመልካቹ የሥዕል ነጋዴዋን ጠረጴዛዋ ላይ ስትሠራ አያት።

የቀናሁት በዚያ የግምገማ ክፍል ረጅም ሰዓት ነው፤ በሚሊዮኖቹ አልቀናሁም። እናቴ ሰፌድ ይዛ ምስር ስትለቅም የሚያሳየውን ሥዕል ስድስት ሳምንት ደክሜበታለሁ። በእኛ ትምህርት ቤት የግምገማ ቀን የደረሰኝ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ «ቀለሙ ከብዷል» ተባልኩ፣ ተረኛው ገባ። መምህሬን አልወቅስም፤ ብዙዎች ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ሰፌዱን ሳልቀባ ሸራውን እንዳለ የተውኩት ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

እኛ ተማሪዎቹም አንሻልም፤ ኢትዮጵያ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷ ፓቪሊዮን ሲኖራት፣ የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕሎች በስልክ አየናቸው። እንዴት ተመረጠ፣ ስንት ይሸጣል እያልን አመሸን። እርስ በርስ የተጠላለፉት እነዚያ ገላዎች፣ የማን እጅ የማን እንደሆነ የማይለየው፣ አንድም ጥያቄ ሳናነሳባቸው አለፉ። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። የሌላውን ሥራ አንድ ሰዓት ሳንመለከት፣ ዓለም የእኛን እንዲመለከትልን እንጠብቃለን።

ባለፈው ቅዳሜ አራት ሆነን ተሰበሰብን። የተነጋገርነው ስለ አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ ዕጣው ለእኔ ወጣ። መጀመሪያ ስለ ቀለሙ ተባለ፤ ከዚያ ስለ እናቴ ጣቶች፣ ስለ ብርሃኑ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ አንዷ ተነስታ ወደ ሸራው ቀረበችና «ሰፌዱ ለምን ባዶ ሆነ?» አለች።

ስድስት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩት ጥያቄ ነበር፤ መልሱ ግን ቶሎ አልመጣልኝም። ሦስቱም ዝም ብለው ጠበቁኝ።