አንቴናውን እየሸሸን ስልኩን ማቀፍ

መቼም አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ነዋሪን አንድ ልብ የሚያደርግ ነገር ጥቂት ነው። የጥበቃ ደሞዝ አያስማማንም፤ የደረጃውን መብራት ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ዓመት ይፈጃል። ከጎን ባለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ የሞባይል አንቴና ሊተከል ነው የተባለ ዕለት ግን ሁላችንም አንድ ነን። «ካንሰር ያመጣል»፣ «የልጆቹን ራስ ያማል»፣ «ግቢያችን ውስጥ እርጉዝ ሴቶች አሉ» ይባላል። የስብሰባው ጥሪ ታዲያ በሞባይል ይተላለፋል፤ ያልመጣው ሰው በሞባይል ይጠራል፤ ማታም አብዛኛው ተቃዋሚ ሞባይሉን ትራሱ ሥር ሸጉጦ ይተኛል።

በሰው ፍርሃት ለመሳቅ አይደለም ይህን የምጽፈው። የማይታይና የማይሸት ነገር ያስፈራል። ነገር ግን ፍርሃታችን መስፈሪያው ተሳስቷል ባይ ነኝ። እኛ የምንለካው የብረቱን ግዝፈት ነው፤ ሞገዱ የሚታዘዘው ግን ለርቀት ነው።

እስቲ ከኩራዝ እንጀምር። ኩራዝ አጠገብ ሆነን መጽሐፍ እናነባለን፤ ወደ ክፍሉ ጥግ ስንሸሽ ፊደሉ አይለይም። ኩራዙ አልደከመም፤ ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ስለተበተነ ለእኛ የሚደርሰን ድርሻ አነሰ እንጂ። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው ብርሃንም የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ነው፤ የራዲዮና የሞባይል ሞገድም የዚያው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል ሩብ ይሆናል፤ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን አንድ ዘጠነኛ፤ አሥር እጥፍ ሲሆን አንድ መቶኛ። (የሞገዱ መስክ ራሱ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ራዲዮ ከሩቅ የሚደመጠውም ተቀባዩ ይህን የቀጠነ መስክ አጉልቶ ማዳመጥ ስለሚችል ነው።)

አሁን ቁጥር እናስገባ። ለምሳሌ 20 ዋት የሚያወጣ አንቴና እንውሰድ። አንቴናው ኃይሉን በየአቅጣጫው አይረጭም፤ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ይሰበስበዋል። መሰብሰቡ 50 እጥፍ ነው ብንል፣ ከፊቱ ለቆመ ሰው 1,000 ዋት በየአቅጣጫው እንደሚረጭ ያህል ነው። በዚህ ሒሳብ 100 ሜትር ላይ የሚደርሰው በካሬ ሜትር 0.008 ዋት ገደማ ነው። አዮን ከማይፈጥሩ ጨረሮች ስለመጠበቅ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ደግሞ በ900 ሜጋኸርዝ ለሕዝብ የተቀመጠው ወሰን በካሬ ሜትር 4.5 ዋት ነው። ከ500 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። «አንቴናው አንድ ብቻ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። አሥር አድርጉት፤ ያኔም ከወሰኑ አንድ ሃምሳኛ አይሞላም።

ወደ ኪሳችን እንምጣ። የ4ጂ ስልክ አቅሙን አሟጦ ሲያወጣ 0.2 ዋት ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን በዚህ አቅም ግማሽ ሜትር ላይ ያለ ስልክ በካሬ ሜትር 0.064 ዋት ያደርሳል፤ ያ 100 ሜትር ርቆ የቆመ አንቴና ከሚያደርሰው ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ስልኩ 1.4 ሜትር ያህል ሲርቅ ነው። ጆሯችን ላይ ሲለጠፍማ የሩቡ ሕግ ራሱ አይሠራም። በ900 ሜጋኸርዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 33 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከአንቴናው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ ያለው መስክ ገና እንደ ሞገድ አልሄደም፤ እዚያው አንቴናው ዙሪያ ወጣ ገባ ይላል። እዚህ ሰፈር መስኩ ከርቀት ጋር የሚወድቀው ከሩቅ ካለው እጅግ ፈጥኖ ነው። ለዚህ ነው የስልክ ደኅንነት በካሬ ሜትር ሳይሆን አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ሥጋ በሚቀበለው ዋት የሚለካው (በአውሮፓ ለራስ የተፈቀደው እስከ 2 ዋት ነው)። ለዚህም ነው ኢርፎን መሰካት ወይም ስፒከር መክፈት ለውጥ የሚያመጣው፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር እዚህ ብዙ ነው።

በዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ስልክ ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ አያወራም። አንቴናው ቅርብ ሲሆን ያንሾካሹካል፤ ሲርቅ ወይም ግድግዳ ሲከልለው ይጮኻል። በጩኸቱና በሹክሹክታው መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። እንግዲህ በፊርማ አንቴናውን ከሰፈር ስናባርር የሚሆነውን አስቡት፤ ስልኮቻችን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ያውም ጆሯችን ላይ ሆነው። ልጆቻችንን ከሞገድ እናድን ብለን የወጣንበት ዘመቻ ብዙ ሞገድ ወደ ራሳቸው ያስጠጋል።

ስልክ ይገድላል ማለቴ ነው? አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የራዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚለው ምድብ ከትቶታል። ምድቡ መረጃው ውስን ነው ማለት ነው፤ ያ ውስን መረጃም በዋናነት የመጣው ስልክ አብዝተው ከሚያወሩ ሰዎች ጥናት እንጂ አንቴና አጠገብ ከሚኖሩ አልነበረም። በዚያው ድርጅት ጠያቂነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ደግሞ የስልክ አጠቃቀምን ከአንጎል ካንሰር ጋር የሚያገናኝ ነገር አላገኘም። በእርግጠኝነት የታወቀው የሞገዱ ጉዳት ኃይሉ ሲበዛ ሰውነትን ማሞቁ ነው።

ተቃዋሚዎቹ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለትም አልፈልግም። ያው የርቀት ሕግ ለእነርሱም ይመሰክራል። ከአንቴናው ፊት ለፊት፣ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ወሰኑ ሊጣስ ይችላል። ሕንፃ በሕንፃ ላይ በተደራረበበት ከተማችን የአንዱ ጣሪያ የሌላው መስኮት ትይዩ ነው። አንቴናው የተተከለበት ሕንፃ ውስጥ፣ ከሥሩ የሚኖረው ሰው ብዙም አይነካውም፤ ጨረሩ ከራሱ በላይ ያልፋል። ሊጠየቅለት የሚገባው ማነው? ሮቶ ሊጠግን ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናው ፊት ሰዓታት የሚቆመው የቧንቧ ሠራተኛ፤ ልብስ ልታሰጣ ሰገነት ላይ የምትወጣዋ ልጅ፤ በዚያው ከፍታ፣ በቅርብ ርቀት መስኮቱ ወደ አንቴናው የተከፈተ ጎረቤት። ስለ እነዚህ ሰዎች በስብሰባው ላይ የሚያነሳ የለም። አንቴናው ሥር ያለው ጄኔሬተር ሌሊቱን የሚያጓራው ድምፅና የሚተፋው የናፍጣ ጭስም «ካንሰር» በሚለው ጩኸት ተውጦ ይቀራል፤ እሱ ግን የሚሰማና የሚሸት፣ ለማስረዳትም የማያስቸግር አቤቱታ ነበር።

ስለዚህ ቀጣዩ ስብሰባ ላይ «ይነሳልን» ከማለት በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንቴናው ፊቱን ወዴት አዙሯል? በዚያ አቅጣጫና ከፍታ በቅርብ ያለው መስኮት ስንት ሜትር ይርቃል? እዚያ መስኮት ላይ ተለክቶ በካሬ ሜትር ስንት ዋት ተገኘ? ኩባንያው መልሱን በወረቀት ይስጠን፤ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ልኬቱን የሕንፃው መግቢያ ላይ ያስለጥፍ። የሕንፃው ባለቤት የጣሪያውን በር ይቆልፍ፤ ሠራተኛ ሲወጣ አንቴናው እንዲጠፋ አስቀድሞ ይደውል። መልስ ካጡ ያኔ ፊርማችንን እናሰባስብ፤ ያኔ የያዝነው ወሬ ሳይሆን ቁጥር ነው።

እስከዚያው በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ የያዝነውን ስልክ አንናቀው። ኔትወርክ ሲደክም ረጅም ወሬ ይቆየን፤ አሳንሰር ውስጥ ሆነን ከመጮኽ መልእክት እንጻፍ፤ ማታም ትራስ ሥር መሸጎጡን ትተን ኮመዲኖው ላይ እናስቀምጠው።