ድንገተኛ ክፍል የሚቀዳው ደም፣ ቤት የሚቀመጠው ናሎክሶን፤ ለኤድመንተን ወገኖች የቀረበ ጥሪ

ኖርዝ ሚድልሴክስ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ገብታችሁ ደም ከተቀዳላችሁ፣ ያው ደም ለኤች.አይ.ቪ.፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ለሄፓታይተስ ሲ ጭምር ይመረመራል። አሠራሩ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ በለንደን ድንገተኛ ክፍሎች የተዘረጋ ነው፤ ታካሚው «አልፈልግም» ካላለ በቀር ምርመራው ይካሄዳል። ሌላ መርፌ አትወጉም፣ አትከፍሉም፣ ስለ ኑሯችሁም የሚጠይቃችሁ የለም። የዚህ ጥሪ የመጀመሪያ ልመና እምቢ አትበሉ ነው። «እኔ ምን አለብኝና?» የሚለው መልስ ከአፋችን ቶሎ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ሄፓታይተስ ግን ምንም ሳያሳይ ለዓመታት ጉበት ውስጥ መቀመጥ ይችላል፤ ዓይን ቢጫ ሆኖ «የወፍ በሽታ ነው» እስኪባል ከተጠበቀ ብዙ ጊዜ ጉበቱ ተጎድቷል።

ሪሴፕሽን ላይ ደግሞ ስልክ ቁጥራችሁንና አድራሻችሁን አስተካክሉ። ክፍል እየተጋራ ከኤድመንተን ግሪን ወደ ፖንደርስ ኤንድ፣ ከዚያ ወደ ቶተንሃም የሚዛወረው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ውጤቱ ችግር ካሳየ ሆስፒታሉ የሚፈልጋችሁ መዝገቡ ላይ ባለው ስልክና አድራሻ ነው።

አሁን ወደሚያሳፍረው እንግባ። እዚህ አገር ከሄፓታይተስ ሲ ኢንፌክሽን ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው ዕፅ በመርፌ ከመውሰድ ጋር የተያያዘ ነው። «ሄሮይን የኛ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ገጹን የሚገለብጥ ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። የኛ ሰው መግቢያ በር ብዙውን ጊዜ ክኒን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ትራማዶል ያለ ማዘዣ ሲሸጥ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ለጀርባ ሕመም ተብሎ በሻንጣ ይመጣል፣ የማታ ፈረቃ የሚሠራ ጓደኛ ይካፈለዋል፣ ከዚያ ያለሱ መነሳት ይከብዳል። እንግሊዝ ትራማዶልን በቁጥጥር ሥር ካሉ ዕፆች መካከል ያስገባችው በጁን 2014 ነው፤ ጫት የታገደውም በዚያው ወር ነበር። ስለ ጫቱ ያላወራ ሐበሻ አልነበረም፤ ስለ ትራማዶሉ ግን ስንቱ ሰማ?

ክኒን የሚወስድ ሁሉ ወደ መርፌ ይሄዳል አልልም፣ አብዛኛው አይሄድም። ነገር ግን ከመንገድ ወይም ከኢንተርኔት የሚገዛው ክኒን በላዩ የተጻፈው ላይሆን ይችላል። ከ2023 ወዲህ ኒታዚን የሚባሉ፣ ከሄሮይን እጅግ የበረቱ ሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶች (ሄሮይንም ትራማዶልም የዚህ ወገን ናቸው) በሄሮይን ዱቄትም በሐሰተኛ ክኒኖችም ውስጥ ተገኝተዋል። በዚያው በ2023 በእንግሊዝና በዌልስ በመድኃኒትና በዕፅ መመረዝ ሞተው የተመዘገቡት 5,448 ሰዎች ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ ሞት ላይ ኦፒየት አለበት።

መፍትሔው ግን ገና እየተፈለገ ያለ ምስጢር አይደለም። ከተጠናባቸው ከተሞች አንዷ ለንደን ራሷ ናት። ብሉምስበሪ ውስጥ ባለው የለንደን ሐይጅንና ትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ሉሲ ፕላት ከባልደረቦቿ ጋር ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን አመዛዝና በ2017 ባወጣችው ሥራ፣ በሄሮይን ምትክ የሚሰጡትን ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው በሄፓታይተስ ሲ የመያዝ ዕድሉ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይታለች። ንጹሕ መርፌ በበቂ ሲታከልበት ቅነሳው ወደ ሦስት አራተኛ ይጠጋል። ኤክስፐርቶቹ የሚጨቃጨቁበት ጉዳይ ብዙ ነው፤ ይሄኛው ግን ከዚያ ውስጥ አይደለም።

እዚያው ትምህርት ቤት ማግዳሌና ሃሪስ የመራችው ጥናት ደግሞ ለንደን ውስጥ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ 455 ሰዎችን አነጋግሯል። ከአሥሩ ከስድስት የሚበልጡት በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ መርፌ የወጉበት ቦታ መግሎ ወይም ቆዳቸው ተመርዞ ያውቃል። ቁጥሩ ራሱ ከባድ ነው፤ እኔን ያስቆመኝ ግን ሰዎቹ ሆስፒታል የሚዘገዩበት ምክንያት ነው። ክንድ አብጦ፣ ትኩሳት ገብቶ እንኳ ቤት ይተኛሉ፤ ድንገተኛ ክፍል ስምንት ሰዓት ሲጠብቁ የዕፁ ጥማት እንደሚያንቀጠቅጣቸው፣ ሜታዶን የሚሰጣቸው እንደማይኖር፣ በክፉ ዓይን እንደሚታዩ ያስባሉ። አልጋ ከያዙ በኋላም ሕክምናውን አቋርጠው የሚወጡ አሉ። ከዚህ ተነሥቶ አይሆስት የተባለ ሥራ ተጀመረ፤ ሆስፒታሎች ለእነዚህ ታካሚዎች ሜታዶን ሳይዘገይ እንዲሰጡ የሚያደርግ አሠራር ነው። ለኛ የሚሆነው ትምህርት ቀላል ነው። የምታውቁት ሰው መግል ይዞ ቤት ከተኛ አብራችሁት ሂዱ፤ ገና ስትደርሱ «ሜታዶን ይወስዳል» ወይም «ሄሮይን ይጠቀማል» ብላችሁ ንገሩ። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ክፍያ የለውም። የአሥር ዓመት ልጁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት።

መርፌ ብቻ አይደለም የሚያጋባው። ማንኪያው፣ ማጥለያ ጥጡ፣ መበጥበጫ ውሃው ደም ይነካቸዋል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት የላቦራቶሪ ሙከራ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ሲሪንጅ ውስጥ እስከ 63 ቀን ሕይወት እንዳለው ተገኝቷል፤ ስለዚህ «በውሃ አለቅልቄዋለሁ» መተማመኛ አይሆንም። ንጹሕ መርፌና የራስ ዕቃ በአካባቢው የሱስ ሕክምና አገልግሎትና በተወሰኑ ፋርማሲዎች በነፃ ይገኛል። ለማግኘት የጂፒ ደብዳቤ አያስፈልግም።

ስለ ናሎክሶንም አስረግጬ ልናገር። ናሎክሶን ከመጠን በላይ የተወሰደ ኦፒዮይድ ትንፋሽ እንዳያቆም ሥራውን የሚያግድ መድኃኒት ነው። አፍንጫ ውስጥ የሚረጨው ዓይነት በአንድ ሣጥን ሁለት ይመጣል። ከሱስ ሕክምና አገልግሎት ለተጠቃሚው ብቻ ሳይሆን ለእናቱ፣ ለእህቱ፣ ክፍል ለሚጋራው ሰውም ይሰጣል። መጠጥ ጠጥቶ የገባ መስሏችሁ «ያንኮራፋል፣ ይተኛ» አትበሉ፤ ከባድ፣ የሚንተከተክ ማንኮራፋት ትንፋሽ ሊቆም መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ጠርታችሁ፣ ትከሻውን ነቅንቃችሁ ካልነቃ 999 ደውሉ። መጽሐፎቹ «ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል» ይላሉ፤ በኛ ቆዳ ላይ ያንን ስትጠብቁ ጊዜ አታጥፉ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ እንደሆነ፣ ድዱና ጥፍሩ ሥር ቀለሙ ጠፍቶ እንደሆነ እዩ። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ትጠባለች። በጀርባው አስተኝታችሁ፣ ራሱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጋችሁ ጫፉን አንድ አፍንጫ ውስጥ አስገቡና ግፉት። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛውን በሌላው አፍንጫ። ሲነቃ ይቆጣችሁ ይሆናል፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ሊወጣ ይችላል። አትልቀቁት። የመድኃኒቱ ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ሊያልፍ ይችላልና ያው አደጋ ሊመለስ ይችላል። ናሎክሶን ኦፒዮይድ ባልወሰደ ሰው ላይ ቢረጭ ጉዳት አያመጣም፤ በተጠራጠራችሁ ጊዜ ስጡት።

«ወረቀት የለኝም» የሚል ወገን ይህን አንቀጽ ደግሞ ያንብበው። የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ከ2012 ጀምሮ፣ የሄፓታይተስና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምናም እንዲሁ፣ እንግሊዝ ውስጥ የኢሚግሬሽን ሁኔታ ምንም ይሁን ምን በነፃ ነው። ጂፒ ለመመዝገብ ፓስፖርት የግድ አይደለም። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ ክኒን ከመቶ ከ95 በላይ ታካሚ የሚድንበት በሽታ ሆኗል። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከኤን.ኤች.ኤስ. ድረ ገጽ የጣት ጠብታ መመርመሪያ ማዘዝ ይችላል፤ በፖስታ በነፃ ይመጣለታል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ አገራችን ውስጥ ከእናት ወደ ልጅም የሚተላለፍ የታወቀ በሽታ ስለሆነ፣ ዕፅ በዞረበት ያልዞረ ሰውም መመርመር ይገባዋል።

ለካህናትና ለሽማግሌዎች የምለው ለብቻው ነው። እንጦጦ ማርያም ጸበል ቦታ ኤች.አይ.ቪ. የያዛቸው በሺዎች በተሰበሰቡበት ዘመን «ጸበሉ ከኪኒን ጋር አይሄድም» ይባል ነበር። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናገሩ። ሜታዶን ለሚወስደው ልጅ ዛሬ ያው ቃል ያስፈልገዋል። «ሱስን በሌላ ሱስ ለወጠው» ከሚል ሐሜት ይልቅ አንድ ቄስ ወይም አንድ ሸኽ «መድኃኒትህን አታቋርጥ፣ ና ከእኛ ጋር ጸልይ» ቢለው ይበልጣል። ድንገት ያቋረጠ ሰው ሰውነቱ መቋቋሙን ያጣል፤ ከሳምንታት በኋላ በድሮው መጠን ሲመለስ የሚሞተው ለዚህ ነው። ልጁን ከቤት ያባረረ ቤተሰብም መንገድ ላይ ከማን ጋር መርፌ እንደሚጋራ አያውቅም።

ጁላይ 28 የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ነው፤ በእኛ ሐምሌ 21፣ የማርያም ዕለት። የማኅበሩም የእድሩም ጸሐፊ እስከዚያ አንድ ሥራ ይሥራ፤ ለኤንፊልድ ካውንስል የሱስ ሕክምና አገልግሎት ደውሎ፣ በአማርኛ አስተርጓሚ አንድ ሰዓት የናሎክሶን ሥልጠና እንዲሰጡ፣ ደም የሚመረምር ሰውም ይዘው እንዲመጡ ይጠይቅ። አዳራሹን እኛ እናዘጋጃለን፣ ቡናውን እናፈላለን። ስልኩን መደወል የሚከብደው ጸሐፊ ካለ ከስብሰባው መካከል እንግሊዝኛው የሚቀናውን ወጣት ይመድብ፤ ስማቸውን መጻፍ የማይፈልጉም እንዲገቡ መዝገብ በሩ ላይ አይቀመጥ።