የጨረር መለኪያው ጄል በደጋው አየር ይፈተን

ከአንገቱ የሚነሣ የካንሰር ሕመምተኛ የሐረናን ደን አቋርጦ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ ጎባ ይደርሳል። የጨረር ሕክምና ከታዘዘለት ግን አዲስ አበባ ለመድረስ ከሮቤ ገና 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ይህን ሁሉ ደክሞ ለደረሰ ሰው ጨረሩ በታዘዘው መጠንና ቦታ ሊያርፍለት ይገባል። መጠኑ ካነሰ ዕጢው ይተርፋል፤ ከበዛ ወይም ቦታውን ከሳተ ጤነኛው አካል ይጎዳል።

እንደሚታወቀው ለዚህ ልኬት በዋናነት የሚያገለግለው መሣሪያ አዮናይዜሽን ቻምበር ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ጊዜ የሚነግረን የአንዲትን ነጥብ መጠን ብቻ ነው። ዕጢ ደግሞ ቁመት፣ ስፋትና ጥልቀት አለው። ፖሊመር ጄል ይህን ክፍተት ይሞላል። አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ሲሆን፣ በጄላቲን ረግቶ ሞኖመር የተባሉ ሞለኪውሎችን ይይዛል። ጨረር ሲያርፍበት ሞኖመሮቹ ተያይዘው ፖሊመር ይሆናሉ፤ ጨረሩ በበዛበት ቦታ ፖሊመሩም ይበዛል። ጄላቲኑ በየቦታው ይዞ ስለሚያቆየው፣ የመጠኑን ሥርጭት በኤምአርአይ ወይም በብርሃን በሦስት አውታር ማንበብ ይቻላል።

የዚህ ጄል ባላንጣ ኦክስጅን ነው፤ የሞኖመሮቹን መያያዝ ይገታልና። በ2001 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ማጂክ የተሰኘው ጄል፣ አስኮርቢክ አሲድና ኮፐር ሰልፌት ኦክስጅኑን እንዲያስሩ በማድረግ በተራ ቤተ ሙከራ ውስጥ መዘጋጀት የሚችል ሆነ።

የእኛ አስተያየት የሚነሣው ከዚህ ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ለአየር ክፍት የሆነው ቻምበር ለግፊቱ ማስተካከያ ካልተደረገለት በዚህ ከፍታ ሩብ ያህል አሳንሶ ያነባል። በጄሉም በኩል፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ፣ በውኃው የሚሟሟው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለሆነም በዝቅተኛ ስፍራ የተቀመመ ውሕድ በደጋው ያንኑ ውጤት ይሰጣል ብሎ መገመት አይበቃም፤ መፈተን አለበት።

«የጨረር ማሽን ሳይኖረን ጄል ምን ይሠራልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት 60 መሣሪያ ከተጀመረ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል። በፋኩልቲያችን የተዘጋጁ ብልቃጦች ማሽኑ ወዳለበት ሄደው 2፣ 4 እና 6 ግሬይ ተቀብለው ሊመለሱና በስፔክትሮፎቶሜትር ሊነበቡ ይችላሉ። ጄላቲን በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ በቀዝቃዛ ሣጥን ይጓዙ፤ ጨረር ያልነካቸው ብልቃጦችም አብረዋቸው ሄደው ይመለሱ፤ የመንገዱ ተጽዕኖ ከጨረሩ የሚለየው በእነርሱ ነው።

ጄሉ ቻምበሩን ይተካል አንልም። እያንዳንዱ ቅምም በቻምበር በታወቀ መጠን መመዘን ይኖርበታል። በዝግጅቱም ጥንቃቄ ያሻል፤ በቀደሙት ጄሎች የሚገባው አክሪላማይድ የነርቭ መርዝ ነው። ሆኖም ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተባብረው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው እንላለን። ከአንገቱ ለሚነሣው ሕመምተኛ መንገዱን ማሳጠር ባንችል እንኳ፣ መንገዱ ማብቂያ ላይ የሚጠብቀው ልኬት የታመነ እንዲሆን ድርሻችንን እንወጣ።