ነዋሪ ማን ነው? መታወቂያ፣ መሸኛ እና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሙስሊም

ከአምቦ ተነስቶ በጉደር፣ በጌዶ እና በኢጃጂ አድርጎ ባኮ የሚደርሰው መንገድ የነጋዴ መንገድ ነው። በእነዚህ ከተሞች የሚኖረው ሙስሊም አብዛኛው ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ከገበያ ገበያ የሚዘዋወር ነው። ከጅማ የመጣ አለ፣ ከወሎ የመጣ አለ፣ ከስልጤ የመጣ አለ። በወለጋ በኩል የነበረው ግጭት ያፈናቀለውም አለ። ለዚህ ሰው የቀበሌ መታወቂያ ማሳደስ እንደ ቀላል ጉዳይ የሚታይ አይደለም። መታወቂያው ጊዜው ካለፈ ፓስፖርት ለማውጣት፣ ንግድ ፈቃድ ለመጠየቅ፣ ውክልና ለመስጠት ይቸገራል።

ችግሩ የሚጀምረው "ነዋሪ ማን ነው?" ከሚለው ጥያቄ ነው። ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መኖሪያ ማለት አንድ ሰው ዘወትር የሚኖርበት ቦታ መሆኑን ይገልጻል። ለጊዜው ብቻ ማረፍ መኖሪያ አያሰኝም፤ ቆይታው ሦስት ወር የሞላው ወይም የሚሞላ ከሆነ ግን እንደ መኖሪያ ይቆጠራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና መኖሪያውን የመምረጥ ነፃነት እንዳለው ደንግጓል።

ፊቅህን ለተማረ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ሙቂምና ሙሳፊርን የሚለየው የሰውዬው ኒያና የቆይታው ርዝመት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያና የመውጫ ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቆየት የነየተ፣ በሐነፊይ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን የነየተ ሙቂም ይሆናል። የሶላት ጉዳይና የቀበሌ ጉዳይ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። መሠረቱ ግን ይመሳሰላል፦ ነዋሪነት የሚታየው ሰውዬው አሁን ባለበትና ለመቆየት ባሰበበት ቦታ ነው።

በተግባር ግን የቀበሌ ጽሕፈት ቤት በቅድሚያ የሚጠይቀው ከለቀቁበት ቦታ የተጻፈ መሸኛ ነው። መሸኛ የራሱ ምክንያት አለው። አንድ ሰው በሁለት ቦታ ሁለት መታወቂያ እንዳይዝ ይከላከላል። ሆኖም መሸኛ ለማምጣት ወደ ኋላ መመለስ የማይችል ሰው አለ። ቤቱን ጥሎ የሸሸ ተፈናቃይ አለ፤ በልጅነቷ ለቤት ሠራተኝነት የመጣች፣ በትውልድ ቀበሌዋ መዝገብ ላይ ስሟ የሌለ እህት አለች። ሁለተኛው ማነቆ አከራዩ ነው። ቀበሌው ቤት ያከራየው ሰው ቀርቦ "አዎ፣ እኔ ዘንድ ይኖራል" እንዲል ይፈልጋል። አከራዩ ደግሞ የኪራይ ገቢ ግብር እንዳይመጣበት ስለሚሰጋ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም። በመምህርነት በሠራሁባቸው ዓመታት ተከራይ ወላጆች የልጆቻቸውን የልደት ወረቀት ማምጣት ሲያቅታቸው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነበር።

ፋይዳ ይህን ይፈታዋል የሚል ግምት አለ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ዲጂታል መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ወስዶ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ባንኮችም እየጠየቁት ነው። ነገር ግን ፋይዳ የሚመልሰው "ይህ ሰው ማን ነው?" የሚለውን ነው። በሕጋዊ መንገድ እዚህ ለሚኖር የውጭ ዜጋም ስለሚሰጥ ዜግነትን አያረጋግጥም። የዚህ ወይም የዚያ ቀበሌ ነዋሪ መሆንንም እንዲሁ። ስለዚህ "ፋይዳ አለኝ" ብሎ የቀበሌ መታወቂያውን ሳያሳድስ የሚቀመጥ ሰው ጉዳይ በገጠመው ቀን ይቸገራል።

ለእህቶች አንድ ነገር እንጨምር። ለመለያነት የሚወሰደው አሻራ፣ አይሪስና ፊት ነው፤ ጆሮ ከእነዚህ ውስጥ የለም። የዓለም አቀፉ የፓስፖርት ፎቶ መለኪያም ከግንባር እስከ አገጭ ፊት በግልጽ እስከታየ ድረስ ለሃይማኖት ሲባል የሚደረግ የራስ መሸፈኛን ይቀበላል። ሒጃብሽን አውልቂ የተባለች እህት ይህን ጠቅሳ በጨዋ ቋንቋ የኃላፊውን ውሳኔ መጠየቅ ትችላለች።

ውጭ አገር ያሉ ወንድሞቻችንን ሁኔታ ማየትም ይጠቅማል። በካናዳ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን እዚያ መገኘት አለበት። ግዴታው ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ግን ቁጥሩ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ሰውዬው ቀኑን ቆጥሮ ይዘጋጃል። በእኛ ከተሞች የጎደለው ይህ ነው። መስፈርቱ በአንዱ ቀበሌ አንድ፣ በሌላው ሌላ ሲሆን ባለጉዳዩ ሕግን ትቶ የሚያውቀውን ሰው ይፈልጋል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጉቦና የሐሰት መታወቂያ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል፤ ነዋሪ ላልሆነ ሰው "ነዋሪ ነው" ብሎ መመስከርም በዲናችን ከከባኢር የሚቆጠር የሐሰት ምስክርነት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከአስተዳደሩ የሚጠበቀው መስፈርቱን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፎ በር ላይ መለጠፍ፣ መሸኛ ማምጣት ለማይችል ሰው ደግሞ በምስክር ቃል የሚስተናገድበትን መንገድ በግልጽ ማስቀመጥ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀውም አለ። አካባቢ የሚለቅ ሰው መሸኛውን ሳይዝ አይውጣ። ማሳደሻው ቀን ካርዱ ላይ ስለተጻፈ ከማለፉ በፊት ይሂድ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። በመስጂድ የታሰረ ኒካሕ በቤተሰብ ሕጉ የታወቀ ጋብቻ ነው፤ ምዝገባው ግን ግዴታ ነው። ያልተመዘገበ ኒካሕ ኋላ በውርስና በልጆች መብት ላይ እህቶቻችንን ሲጎዳ ይታያል።

የስም ጉዳይም አይናቅ። አንዱ ሰው በአማርኛው "መሐመድ"፣ በቁቤው ሌላ፣ በፓስፖርቱ ሌላ አጻጻፍ ይዞ ይገኛል። "አብዱ" ተብሎ የተመዘገበ ሰው በትምህርት ማስረጃው "አብዱልቃድር" ነው። ሐጅ የነየተ ሰው ይህን ማስተካከል ያለበት ምዝገባ ሲከፈት አይደለም፣ ዛሬ ነው። ፓስፖርቱም ቢያንስ የስድስት ወር ጊዜ የቀረው መሆን አለበት።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ድርሻ አላቸው። የኒካሕና የልደት መዝገብ በቀን፣ በሙሉ ስምና በምስክር ፊርማ መያዝ፣ ከጁሙዓ በኋላ የማሳደሻ ጊዜን ማስታወስ፣ መጻፍ ለማይችሉ እናቶች ማመልከቻ መጻፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እንግዳ ሆኖ የመጣን ሰው ነዋሪ እንዲሆን ማገዝ የጀመዓው ሐቅ ነው። ወላሁ አዕለም።