ለሰማይም መንጃ ፈቃድ ያሻዋል

ደሴ ከሰማይ የሚመጣውን ነገር አቅልላ የምትመለከት ከተማ አይደለችም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ቦምብ ሲያዘንቡባት፥ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል እንኳ አልማሩትም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ፥ «ድሮን» የሚለው ባዕድ ቃል ከጦር ወሬ ጋር አብሮ ገባ። እንግዲህ ዛሬ አንድ ወጣት በሠርግ ቀን ያችን ትንሽ በራሪ መሣሪያ ሲያስነሣ፥ አንዲት እናት ደንግጠው ወደ ቤት ቢሮጡ የሚፈረድባቸው አይደሉም።

ይሁን እንጂ ያችው መሣሪያ የእንጀራ መሣሪያም ናት። ፎቶግራፍ አንሺው ይሠራባታል፤ መሬት ቀያሹ በእግሩ ቀናት የሚፈጅበትን ማሳ በጥቂት ሰዓት ይለካባታል፤ የመንገድ መሐንዲሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከላይ ሆኖ ይመረምርባታል። በሩዋንዳ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕሙማን የሚሰጥ ደም በዚሁ ዓይነት በራሪ ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ይላካል። ስለዚህ ጥያቄው ይብረር ወይስ አይብረር አይደለም፤ ማን ያብርረው፥ በምንስ ሕግ ነው?

ፈቃድ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንደኛው «ምን ታውቃለህ?» ይላል፤ ሁለተኛው «ማን ነህ?» ይላል። አሜሪካኖች በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በሥራ ላይ ባዋሉት ደንብ፥ ክብደቷ ከ25 ኪሎ የማይደርስ በራሪ ለንግድ የሚያበር ሰው 16 ዓመት የሞላው እንዲሆንና 60 ጥያቄ ያለውን ፈተና ከመቶ 70 አግኝቶ እንዲያልፍ ያዝዛሉ። ያለ ልዩ ፈቃድ ከመሬት 120 ሜትር ገደማ በላይ አይወጣም፤ በአይሮፕላን ማረፊያ አጠገብም ሳያስፈቅድ አያበርም፤ በየ24 ወሩ ዕውቀቱን ያድሳል። በኛ አገር ግን ፈቃዱ የሚጠየቀው አዲስ አበባ ላይ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፥ አስቀድሞ ሳያስፈቅድ መሣሪያውን ይዞ የመጣ መንገደኛ በቦሌ ጉምሩክ ያስረክባል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድሞቻችን አንዳንዶቹ «የአሜሪካ ፈቃድ ይዤ ሳለሁ በአገሬ ሰማይ እንዴት እከለከላለሁ?» ይላሉ። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያም በፈረመችው በ1937 ዓ.ም. የቺካጎ ስምምነት 8ኛው አንቀጽ፥ አብራሪ ያልተሳፈረበት አይሮፕላን የባለ አገሩን መንግሥት ልዩ ፈቃድ ሳያገኝ በዚያ አገር ላይ እንዳይበር ይከለክላል። የሰው አገር ፈቃድ ድንበር አያሻግርም።

ፈቃድ መጠየቁ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ግን «ማን ነህ?» በሚለው ላይ «ምን ታውቃለህ?» የሚለው መጨመር አለበት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ መዘውሩ አየሩን በደንብ አይጨብጥም፥ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል። የጦሳ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። 120 ሜትር የሚቆጠረው ከመሣሪያው በታች ካለው መሬት ነው፤ በጦሳ አናት ላይ ቆሞ ወደ ከተማው አግድም የሚሰዳት ሰው፥ እርሱ ዝቅ አድርጌ ያዝኋት ሲል እርሷ ከደሴ ጣራዎች በላይ በመቶ የሚቆጠር ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በኮምቦልቻም ሜዳ ላይ አይሮፕላን ማረፊያው ለከተማው ቅርብ ነው፤ ለሠርግ የተነሣች በራሪ መንገደኛ ከጫነ አይሮፕላን ጋር ብትገናኝ ምን እንደሚደርስ መናገር አያሻም። ይህን ሁሉ ማኅተም ብቻ አያስተምርም፤ ትምህርትና ፈተና ግን ያስተምራል።

«ጦርነት ባየ አገር ሰማዩን ለወጣት መልቀቅ ድፍረት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን በሩን መዝጋት አይደለም። የተፈተነና የተመዘገበ አብራሪ ስሙና የመሣሪያው ቁጥር ይታወቃል፤ ጥፋት ቢደርስ ይጠየቃል። የሚገባበት በር ያጣ ግን ተሸሽጎ ያበርራል፤ የሚያስፈራውም ይኸው የማይታወቀው ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ትንንሾቹ በራሪዎች እንደ ክብደታቸውና እንደ ሥራቸው በደረጃ ይከፈሉ። ደንቡ በአማርኛ ተጽፎ በግልጽ ይታተም። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ በደሴና በኮምቦልቻ በወሎ ዩኒቨርሲቲ አዳራሾች ይሰጥ። ባጃጅ ለመንዳት የሚፈልግ ወጣት የሚያጠናው ደንብና የሚቀመጥበት ፈተና አለው፤ በራሪ ለማብረር የሚፈልገውስ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደጅ የሚጠናው ስለ ምን ነው?

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ፥ ዳኛም ዘበኛም ሳይኖር ባሉበት ይቆሙ ነበር። ይቆሙ የነበረውም ሕጉን ያውቁትና የራሳቸው ያደርጉት ስለ ነበር ነው። ለሰማዩም እንዲህ ያለ፥ ሁሉ የሚያውቀውና ሁሉ የሚደርስበት ሕግ ይሰጠን፤ ያን ጊዜ ወጣቱ እንጀራውን ያገኛል፥ እናቲቱም ቀና ብለው ሳይደነግጡ ያያሉ።