ደላላ ቦታ የሚያሳየው በበጋ ነው

አንድ ወዳጄ ጥር ላይ በሆሳዕና ዳርቻ ቦታ ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር። ገንዘቡ የእሱ አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ በብዙ ዓመት ያጠራቀመው ነው። ደላላው ከፊት ከፊታችን እየሄደ ሜዳውን በእጁ ያሳየናል። «ወንድሞቼ፣ እንዲህ ለጥ ያለ ቦታ ዛሬ ከየት ይገኛል? ቆፍሮ ማስተካከል የለ፣ ድንጋይ መፈንቀል የለ!» እውነቱን ነው። መሬቱ እንደ ምጣድ የተስተካከለ ነው፤ ሣሩ ደርቋል፤ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጥግ ላይ ላሞች የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ግን ጠጋ ብለው፣ «ልጆቼ፣ እዚህ ቤት ልትሠሩ ነው? እስቲ በነሐሴ መጥታችሁ እዩት» አሉን። ደላላው ሳቀ። ወዳጄ «አስብበታለሁ» ብሎ ተመለሰ። በነሐሴ ሄደን ስናየው ደላላው ቆሞ ያወራበት ቦታ ላይ ቄጠማ በቅሎበታል፤ ውሃው ጉልበት ይደርሳል።

ያን ዕለት የእኒያ ሽማግሌ አንድ ዓረፍተ ነገር ለወዳጄ ቤተሰብ የስንት ዓመት ጥሪት አዳነ። ታዲያ እንዲህ ያለ ውድ መረጃ በአንድ እረኛ ትዝታ ውስጥ ብቻ መቀመጡ ምን ዓይነት ገበያ ነው? የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የቦታውን ስፋት፣ አዋሳኙንና አገልግሎቱን ይነግረናል። በነሐሴ ውሃው የት ድረስ እንደሚቆም ግን አይነግረንም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ነገር ይኸው ነው። ከተሞቻችን ረግረጋቸውን ለክተው ወሰኑን ለሕዝብ ይፋ ካላደረጉ የመሬት ገበያው የሚመራው በደላላ ምላስ ይሆናል።

ጉዳዩ በሆሳዕና ላይ ለምን እንደሚከብድ ማየት አያስቸግርም። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ይህች ከተማ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 69,995 ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች። መሥሪያ ቤት ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛ ሲመጣ የቤት ኪራይ ይወደዳል፤ ኪራይ ሲወደድ ቦታ ይፈለጋል። ከሀድያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆች የሚልኩት ገንዘብ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሲሆን ቆይቷል።

በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫና በዶዮገና ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ከምባታ በሀገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ጀርባው ሁሉ በእንሰትና በቤት ተይዟል፤ ዳገቱ ቁልቁለት ነው። እንግዲህ ከተማ ሲሰፋ ዓይን የሚያርፍበት ባዶ መሬት ከሸለቆው ሥር ያለው ጨፌ ብቻ ነው። ነገር ግን ጨፌው ባዶ ሆኖ የቆየው ሰው ስላላየው አይደለም። አባቶች ከብት ያሰማሩበት፣ ሣር ያጨዱበት፣ ቤት ግን ያልሠሩበት ውሃውን ስለሚያውቁት ነው።

ረግረግ የሚሠራውን ሥራ በሂሳብ እንየው። ግማሽ ሜትር ውሃ የሚይዝ አንድ ሄክታር ረግረግ 5,000 ሜትር ኩብ ውሃ ያቁራል። ይህ 10,000 ሊትር የሚጭን ቦቴ 500 ጊዜ ተመላልሶ የሚያመጣው ነው። በሌላ በኩል 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ10 ሄክታር ጣሪያና አስፋልት ላይ ቢወርድና ምንም ባይሰርግ የሚሰበሰበው ውሃ እንዲሁ 5,000 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ አንድ ሄክታር ጨፌ በገረጋንቲ ስንሞላ የ10 ሄክታር ሰፈር ጎርፍ ማረፊያ አሳጣነው ማለት ነው። ውሃው ግን አይጠፋም። ወደ ጎረቤት ግቢ፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ መጋዘኑ ይሄዳል። ሞልቶ የሸጠው ሰው ትርፉን ይዞ ይሄዳል፤ ኪሳራውን የሚከፍሉት ከታች ያሉት ናቸው።

ከታች ያሉት ደግሞ የከተማው ነዋሪዎች ብቻ አይደሉም። ሆሳዕና የኦሞ ጊቤና የስምጥ ሸለቆ ውሃዎች በሚለያዩበት ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ ብላቴ ተፋሰስ ይሄዳል። በዚያው አቅጣጫ በጎርፍ ሲጠቃ የኖረው የሻሾጎ ዝቅተኛ ሜዳና የቦዮ ሐይቅ ይገኛሉ። ቦዮና ዙሪያው ያለው ረግረግ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአዕዋፍ ጠቃሚ ተብለው ከተመዘገቡ የሀገራችን ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ ክሬን የሚባሉት ባለረጅም እግር ወፎች ይታዩበታል። ላይ ያለው ከተማ ውሃውን ይዞ ቀስ ብሎ ካልለቀቀ ታች ያለው ገበሬ ደለልና ጎርፍ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። የሻሾጎ ገበሬ እህሉን ሲያጣ በሆሳዕና ገበያ እህል የሚሸምተው ሁላችንም ነን።

ለገንቢውም ቢሆን ርካሽ የተባለው ረግረግ ርካሽ አይደለም። መሠረቱ በጥልቀት ይቆፈራል፤ ጥቁር አፈሩ ተጠርጎ በድንጋይና በገረጋንቲ ይተካል፤ ብረቱ ይጨመራል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በክረምት ከታች በሚመጣ ውሃ ይሞላል። የውሃ ጉድጓድ በቅርብ ካለ የሁለቱ ውሃ ይገናኛል። ግድግዳው እርጥበት ይስባል፤ ቀለሙ ይላጣል። ይህን ሁሉ ደምሮ ያየ ሰው በካሬ ሜትር የቀነሰለትን ዋጋ በእጥፍ መልሶ እንደሚከፍል ይገባዋል። ችግሩ ሂሳቡ የሚመጣው ቦታው ከተገዛ በኋላ መሆኑ ነው። ገዢው ጆሃንስበርግ ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ሲሆን ደግሞ ቦታውን በነሐሴ የሚያይበት ዓይን የለውም። ለእንዲህ ያለው ሰው ዓይን ሊሆነው የሚችለው ካርታ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ረግረግን መለካት ይህን ያህል ከባድ ነው? አይደለም። ባለሙያዎች የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፤ ውሃው፣ አፈሩና ተክሉ። ውሃው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚቆምና የት ድረስ እንደሚደርስ ይታያል። አፈሩ ተቆፍሮ ውሃ ውስጥ የኖረ መሆኑ በግራጫ ቀለሙና በዝገት መሰል ነጠብጣቡ ይለያል። ተክሉ ደግሞ ቄጠማና ፊላ ከሆነ ራሱ ምስክር ነው። ልኬታው በክረምት መውጫና በበጋ ሁለት ጊዜ ቢደረግ ወሰኑ ይታወቃል። የአሜሪካው ላንድሳት ሳተላይት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያነሣቸው ምስሎች በነፃ ይገኛሉ። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ደግሞ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በ10 ሜትር ጥራት እያነሣ በነፃ ይለቃል። ሆሳዕና በበሩ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለው። ቀያሾቹንና ተማሪዎቹን ከእኒያ ሽማግሌ ዓይነት ሰዎች ጋር አንድ ክረምት ማሰማራት አንድ ድልድይ ከመሥራት የሚያንስ ወጪ ነው።

የሕጉም መሠረት አለ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ያዛል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ልማት ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲመዘን ይላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ ከይገባኛል ጥያቄ ነፃ የሆነ፣ ከፕላን ጋር የተጣጣመ፣ ተሸንሽኖ የወሰን ድንጋይ የተተከለለት እንዲሆን ይጠይቃል። በዚያው አዋጅ የመኖሪያ ቤት ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ለ99 ዓመት የሚሰጥ መሬት 99 ክረምት ይዘንብበታል። ታዲያ የወሰን ድንጋይ ስንተክል የውሃውን ወሰን የሚያመለክት አንድ ድንጋይ መጨመር ምን ይከብዳል?

ቸል ማለት የሚያስከፍለውን ሐረር አይታዋለች። ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። መስኖ ያለ ልክ ተሳበበት፤ ከዙሪያው የታጠበ ደለል ሞላው። በኋላ ውሃ ተመልሶ ቢታይበትም፣ ሐረር ግን ከድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በረጅም ቧንቧ ውሃ ለማስመጣት ተገድዳለች። ሐይቁ በነፃ ይሠራ የነበረውን ሥራ ቧንቧና ፓምፕ በገንዘብ ተረከበው። ጅማም የቦዬና የኪቶ ረግረጎቿ በባሕር ዛፍ፣ በሸክላ ጡብ ማምረቻና በከተማ ፍሳሽ ሲጨናነቁ የዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል።

ከሌላ አገርም ትምህርት አለ። በካምፓላ ናኪቩቦ የሚባለው ረግረግ የከተማዋን ፍሳሽ አጣርቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ይህ አገልግሎት በዓመት ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.75 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ገመተ። ሆኖም ጥናቱ ብቻውን ወረራውን አላስቆመም፤ ከዚያም በኋላ ረግረጉ ከዳር ዳር ሲበላ ቆይቷል። ቁጥር ያለ ወሰን ድንጋይና ያለ ተቆጣጣሪ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የስሪላንካዋ ኮሎምቦ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የፓርላማው ግቢ ሳይቀር በጎርፍ ከተጥለቀለቀ በኋላ ረግረጎቿን አስጠንታ በፕላኗ ውስጥ አስገባች። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የረግረግ ከተማ የሚል ዓለም አቀፍ ዕውቅና ካገኙት የመጀመሪያዎቹ 18 ከተሞች አንዷ ሆናለች። ከአፍሪካ በዚያ ዝርዝር የገቡት የማዳጋስካሯ ሚትሲንጆና የቱኒዚያዋ ጋር ኤል ሜልህ ናቸው።

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤት ነው፤ «ገቢያችን ሊዝ ነው፤ መሬት ከቀነሳችሁብን በምን መንገድ እንሠራ?» የሚል። የሀገራችን የከተማ ፕላን መመዘኛ ግን ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። ለማንኛውም መተው ያለበትን አረንጓዴ ቦታ ደረቅ መሬት ላይ ከመፈለግ ጨፌውን መቁጠር ለግንባታ የሚሆነውን መሬት አይቀንስም፤ ያተርፋል። ዛሬ ረግረግ ሸጦ ነገ የጎርፍ ቦይ የሚቆፍር ማዘጋጃ ቤት በአንድ ኪሱ ያስገባውን በሌላው ያወጣል።

ሁለተኛው የገበሬው ነው። ጨፌው የበጋ ግጦሹ ነው፤ አንዳንዱም አጣና ለመሸጥ ባሕር ዛፍ ተክሎበታል። ይህ ሰው ወሰን ሲከለል ባዶ እጁን እንዳይቀር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሣር አጭዶ መውሰድና ቄጠማ ቆርጦ መሸጥ ረግረጉን አይገድለውም፤ ይህ መብቱ በጽሑፍ ይከበርለት። ሦስተኛው ቀድሞ የጨረቃ ቤት ሠርቶ የገባው ድሃ ነው። እሱን በአንድ ሌሊት ማፍረስ መፍትሔ አይሆንም፤ ምትክ ቦታ ሳይዘጋጅለት ከተነሣ ሌላ ጨፌ ላይ ይሰፍራል። አስቀድሞ መቆም ያለበት ግን ከእሱ በኋላ በመኪና ገረጋንቲ እያስደፋ የሚገባው ባለገንዘብ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሆሳዕና፣ ዱራሜና ሌሎቹ ከተሞች በሚመጣው ክረምት ረግረጋቸውን ይለኩ። የተለካው ወሰን በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም እንዲያየው ይደረግ። ከዚያ በኋላ የሚወጣ የጨረታ ሰነድና የሚሰጥ ካርታ ሁሉ ቦታው ከዚህ ወሰን ውስጥ ወይም ውጭ መሆኑን በአንድ መስመር ይግለጽ። ባንኮችም ቤት በመያዣ ሲቀበሉ ገማቻቸው ይህን መስመር ይጠይቅ። ያን ጊዜ ገበያው ራሱ ይፈርዳል፤ ረግረግ ላይ ያለ ቦታ ዋጋው ይወርዳል፤ ደረቁ ተገቢ ዋጋውን ያገኛል።

እስከዚያው ድረስ ገዢ ሆይ፣ ቦታ ስታይ ከደላላው ይልቅ ከብት ጠባቂውን ጠይቅ። ወንድምህ ከሩቅ አገር በላከው ገንዘብ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ቀብዱን ከመክፈልህ በፊት አንድ ክረምት ታገሥ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ማዘጋጃ ቤትን መክሰስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።